ዝቅ ብላ የቀረች እጅ

ማስታወሻዋ የመጣችው በመድኃኒት ከረጢት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ክኒን ከሚያሽግባቸው ትንንሽ ነጭ ከረጢቶች አንዷ ናት፤ አፏ በፕላስተር ታሽጓል፣ ላይዋ ላይ «በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሥራ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። መነጽር ሠሪው የሌንስ መሞረጃውን አጠፋ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገና ፕላስተሩን ሳይቀድ ቀስ ብሎ ላጠው።

«ሚሊ፣ አባዬ በመጨረሻ አፉን ከፈተ። ቅዳሜ እራት አብረን እንብላ ብሏል፤ እናትህም ትምጣ ብሏል። ቦታውን አንተ ትመርጣለህ፤ ወይ የፈረንሳዩ፣ ወይ የጣሊያኑ ምግብ ቤት። መልሱን እዚያ ይሰጠናል። እሱን አስከፍቼ ላገባህ እንደማልችል ታውቃለህ። አንተን ትቼም እንደማልችል ታውቃለህ። ስለዚህ ደህና አድርገህ ምረጥልን። ቁንጮ።»

ሚሊ ማለት ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያ መነጽሯን ሲሠራላት በሁለት ዓይኖቿ መካከል ያለውን ርቀት ሦስት ጊዜ ለክቶ አራተኛ ሊለካ ሲል «ሚሊሜትር ሆይ፣ ዓይኔ ቦታውን አይቀይርም እኮ» ብላ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። እሷን ደግሞ ቁንጮ ያሏት አባቷ ናቸው፤ በልጅነቷ አናቷ ላይ አልተኛ ያለ ፀጉር ነበራት። አሁን ነጭ ጋዋን የምትለብስ ፋርማሲስት ናት፣ ፀጉሩም ከተኛ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ቀረ።

ሚሊ ማስታወሻዋን ሁለት ጊዜ አነበባት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የተሰማው ግን ከአምስት ሳምንት በፊት የተሰማው ያው ነገር ነው።

ያን ቀን ወደ ቤታቸው የሄደው ልጅዎን ይስጡኝ ሊል ነበር። አባቷ በጡረታ ላይ ያሉ የድልድይ መሐንዲስ ናቸው። የሚሊ እናት በሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ናት። ይህን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሚሊ በር ላይ ሲደርስ እንደተማረው አደረገ፤ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ግራ እጁን ቀኝ ክንዱ ላይ ደግፎ፣ ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። መሐንዲሱ ፊቱን አዩት። ከዚያ «ግባ፣ አትቁም» አሉና ዞረው ወደ ወንበራቸው ሄዱ። እጁ አየር ላይ ቀረች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቀረች እንኳ ያውቃል፤ የግድግዳው ሰዓት አራት ጊዜ ቆጥሯል። ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለት ገጽ፣ በሚወደው ክሬም ወረቀት ላይ፣ በቀጭን ብዕርና በሰማያዊ ቀለም። መልስ አልመጣም። ቁንጮ እንደነገረችው አባቷ ደብዳቤውን ሦስት ምሽት ከፍተውት፣ ሦስቴም አጥፈው አስቀምጠውታል፤ ሲጠየቁም ዝም ነው። ሁለቴ አንኳክቶ ያልተከፈተለት ሰው ሦስተኛ ሲያንኳኳ ሌላ ስም ይሰጠዋል ብሎ ሚሊ ለራሱ ወስኖ ነበር። አሁን በሩ በራሱ ጊዜ ገርበብ ሲል፣ እሱን ያስጨነቀው ከበሩ በስተጀርባ የቆመው ሰው ነው።

*

ሰኞ ከሥራ በኋላ ወደ ጣሊያኑ ሄደ። ሳያይ የሚመርጥ ሰው አይደለም፤ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ነው የሄደው።

የጣሊያኑ ምግብ ቤት ምድር ቤት ነው። ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል፤ ድንጋዩ ግራጫ ነው፣ ጠርዙ በእግር ብዛት ተበልቶ ክብ ሆኗል። ውስጡ ቅስት ጣሪያ፣ በየጠረጴዛው አንድ ሻማ፣ በእጅ ጽሑፍ ዘመም ብሎ የተጻፈ ሜኑ። የነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ሽታ ልብስ ይዞ ይቀራል። ሰዉ ይስቃል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ማንም የማንንም እጅጌ አያይም። እሱና ቁንጮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የበሉት እዚህ ነው፤ አንድ ሰሃን ፓስታ ለሁለት። ያኔ በሻማው ብርሃን ቀና ስትል የዓይኗ ብሌን እንዴት እንደሰፋ አይቶ «ብርሃኑ ስለቀነሰ ነው» ብሎ ሲያስረዳት፣ «ብርሃኑ ብቻ አይመስለኝም» ብላው ነበር። በደብተሩ ላይ ይህን አልጻፈም። የጻፈው «እማዬ እዚህ ዘና ትላለች» የሚል ነው።

ወፍራሙ ዋና አስተናጋጅ ጠረጴዛው ለማን እንደሚያዝ ሲሰማ ቅንድቡን ሰቀለ። መሐንዲሱ የቤቱ ሰው ነበሩ አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከባለቤታቸው ጋር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚያ ቅስቱ ሥር ነበር የሚቀመጡት። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንድ ቀን ግድግዳውን ይዘው፣ ደረጃውን እየቆጠሩ ወረዱ፣ ሲወጡም ካፖርታቸውን ዘርግቶ ቢጠብቃቸው በአጠገቡ አልፈው ሄዱ። «ካፖርቱን ታቅፌ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልመጡም። ጡረታ ሰውን ይቀይራል ይላሉ፤ እንጃ።»

ሚሊ ይህን ሲሰማ አስተናጋጁንና ራሱን በአንድ ገመድ የታሰሩ ሆነው አያቸው፤ አንዱ ካፖርት ይዞ፣ አንዱ ባዶ እጁን ይዞ። ለቅዳሜ ጠረጴዛ አስያዘ፣ ስሙም በእርሳስ ተጻፈ። ሰባቱን ደረጃ ሲወጣ እልህ ይዞት ነበር፤ እልሁም ሞቀው።

*

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ፋርማሲው ውስጥ ሲነግራት ቁንጮ የሽሮፕ ካርቶን እየደረደረች ነበር። እጇ ቆመ። አባቷ ጠዋት፣ ሲወጡ፣ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርገው ነበር፦ የፈረንሳዩ ከሆነ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው ብለው።

«አሥራ አንድ ሰዓት?» አለ ሚሊ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት?»

ምናልባት አባቷ ቶሎ ይርባቸው ይሆናል አለችው። እሱ ግን ሌላ ነው የገባው። የፈረንሳዩ ቤት በጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓይነት ሹካ የሚደረድር፣ ዝምታውም የሚያዳምጥህ የሚመስል ቤት ነው ይባላል። እናቱ በዚያ ሁሉ ብርሃን የትኛውን ሹካ እንደምታነሳ ግራ ሲገባት መሐንዲሱ ማየት ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህን ድምፁን ሳያነሳ፣ ነጥብ በነጥብ ነገራት፤ እጁን፣ ደብዳቤውን፣ ካፖርቱን ጭምር።

ቁንጮ ሁሉንም ሰማችው። ከዚያ ካርቶኑን ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «አባቴን አውቀዋለሁ። ዝም ይል ይሆናል እንጂ ሰው አያዋርድም» አለች። «አንተ ያላየኸው ነገር አለ። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን የዓለምን ሁሉ ዓይን የምትለካ ሰው እንዴት በራስህ ቁስል በኩል ብቻ ታያለህ?»

አንዲት ደንበኛ የሐኪም ወረቀት ይዛ ገባች። ሚሊ ወጣ። መንገዱን ሲሻገር ዞሮ አየ፤ በመስታወቱ ውስጥ ቁንጮ ወረቀቱን እያነበበች ነበር፣ ከንፈሯን ነክሳ፤ ሐዘኗ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ተከተለው።

*

እናቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጣች፤ የቅዳሜ ኮቱን ተኩሳ፣ በማንጠልጠያ። ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፣ እሱም ነገራት፤ ስለ ሹካው ያለውን ሲነግራት ግን ሳቀች።

«ስማ የኔ ልጅ። እኔ ስንት ፕሮፌሰር የተኛበትን አንሶላ አጥቤያለሁ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ሁሉም አንድ ነው። ሹካ አያስፈራኝም። ባይሆን የማላውቀው ሲገጥመኝ ጎረቤቴን አያለሁ።» ከዚያ ኮቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለችና፣ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ ምን እንደሚባል ታውቃለህ አለችው። ያኛውንም ቤት ሂድና እይ ማለቷ ነው።

ሄደ። ሆን ብሎ በአሥራ አንድ ሰዓት ሄደ።

የፈረንሳዩ ቤት ደረጃ የለውም። ይህን መጀመሪያ ጻፈ። በሩ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ነው። መስኮቶቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ናቸው፣ የጠረጴዛው ልብስ ነጭ፣ ሰሃኑ ዙሪያው ጥቁር መስመር ያለው፣ ሜኑው በትልልቅ ጥቁር ፊደል የታተመ። ዝምታውም እንደሚባለው አያስፈራም፤ ሰው በዝግታ የሚያወራበት ዝምታ ነው።

እዚህ ያሉት አስተናጋጅ ቀጭን አዛውንት ናቸው። መሐንዲሱ? እንዴታ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣሉ፣ ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት። ያቺን የመስኮት ጠረጴዛ ነው የሚወዱት፤ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው። ሌላ ሰው ከተማዋን ለማየት ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፣ እሳቸው ግን አይፈልጉም። ብርጭቆአቸው ሁሌም ከቢላዋው ጫፍ በላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ አዲስ አስተናጋጅ አራት ጣት ያህል ወደ ግራ አስቀምጦት በክርናቸው ደፉት። «ሲያፍሩ ማየት ነበረብዎት። ልጁን አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቁት። በማግሥቱ ደግሞ ይቅርታ ሊሉ ብቻ ከቤታቸው ድረስ ተመልሰው መጡ።»

ሚሊ እርሳሱን አስቀመጠ። ይህ ካፖርት ታቅፎ የቀረው ሰው የነገረው ዓይነት ሰው አይደለም።

እዚያች ወንበር ላይ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ተቀመጠ። ብርሃኑ ከጀርባው መጥቶ በቀጥታ ሜኑው ላይ ወደቀ፤ ዓይኑን የሚወጋው ነገር የለም። ከፊቱ አንድ መተላለፊያ ብቻ ነው፤ ማንም ወደዚህ ጠረጴዛ ሲመጣ በፊት ለፊት ብቻ ነው የሚመጣው። ከጎን መምጫ የለም።

ሚሊ በሳምንት ሁለት ቀን በዓይን ክሊኒክ ይሠራል። በሽተኛው አገጩን መደገፊያው ላይ አድርጎ አንዲት ነጥብ ትኩር ብሎ ያያል፣ በዳር በዳር ብልጭ የሚሉ መብራቶችን ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። የዓይን ግፊት ያለባቸው ሰዎች የዳሩን አያዩትም። ሕመም የለውም፣ አይቀላም፤ ዳሩ ሳይታወቃቸው ይሄዳል፣ መሃሉ ብቻ ይቀራል። ደብዛዛ ብርሃን ይከብዳቸዋል፣ በክሬም ወረቀት ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ይጠፋባቸዋል። ደረጃ ያስፈራቸዋል። ከጎን የተዘረጋ ካፖርት አያዩም።

ሁለት እጁን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ዓይኖቹ ላይ አደረገና መተላለፊያውን አየ። አዛውንቱ አስተናጋጅ በቱቦው ውስጥ ፊታቸው ብቻ ይታያል። እጃቸው የለም።

እጃቸው የለም።

ያን ቀን በር ላይ ወገቡን ሰብሮ፣ ስለ አክብሮት ብሎ፣ እጁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ከወገቡ በታች። ደፋር ሰው ሆኖ እንደ እኩያ በደረቱ ትክክል ቢዘረጋት ኖሮ ትታይ ነበር። አክብሮቱ ራሱ ነበር የደበቃት። በቀን የአሥር ሰው የዓይን ዳር የሚለካው እሱ፣ አንድ ሰው ፊት ቆሞ የራሱን ጫማ እያየ አምስት ሳምንት ተቆጣ።

አዛውንቱ ውሃ ያምጡለት እንደሆነ ጠየቁት። ሚሊ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑም ረጥቦ ነበር። አምስት ሳምንት የተሸከመው ነገር ከትከሻው ሲወርድ ወንበሩ ራሱ የቀለለ መሰለው።

*

ለቁንጮ የነገራት ቦታውን እንደለወጠና ይቅርታ እንደሚጠይቃት ብቻ ነው። ምክንያቱን ስትጠይቀው «የኔ አይደለም፣ ልነግርሽ አልችልም። ግን ልክ ነበርሽ» አላት። ትክ ብላ አየችውና ጥያቄዋን ዋጠችው።

ለመሐንዲሱም ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ። በነጭ ወረቀት፣ በጥቁር ማርከር፣ አንድ መስመር፦ «ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የፈረንሳዩ፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ።»

ቅዳሜ ከእናቱ ጋር አስቀድሞ ደርሶ መተላለፊያው መሃል ቆመ። መሐንዲሱ በልጃቸው ክንድ ገቡ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እግራቸውን ለካ አድርገው የሚያስቀምጡ። ሚሊ ወገቡን አልሰበረም። እጁን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ፣ በፊታቸው ትክክል ዘረጋት።

መሐንዲሱ ቆሙ። እጁን አዩ፣ ፊቱን አዩ፣ መልሰው እጁን አዩ። ቀጥሎ በሁለት እጃቸው ያዟት፣ ቶሎም አልለቀቋትም።

በማዕዱ ላይ የሚሊ እናት አንዷን ሹካ ከሾርባ በኋላ አንስታ እስከ መጨረሻው እንደምትዘልቅባት አስታወቀች፤ የጠረጴዛውን ልብስ ደግሞ በጣቷ ዳብሳ፣ ይህን የተኮሰው ሰው እጁ ይባረክ፣ አንድ መጨማደድ የለውም አለች። መሐንዲሱም ዳበሱትና ድልድይ እንኳ እንዲህ ቀጥ አይልም አሉ። ሁለቱ ሴቶች ጨርቅ ስለሚያጠነክረው ስታርች ማውራት ሲጀምሩ መሐንዲሱ ወደ ሚሊ ጠጋ አሉ።

«መቼ አወቅህ?»

«ረቡዕ። እዚህ የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ።»

«ነገርካት?»

«የርስዎ ነው። እኔ የምነግራት አይደለም።»

መሐንዲሱ ናፕኪኑን አጣጠፉ። ያን ቀን እሳቸውም እንደተቆጡ ነገሩት፤ ልጄን ሊጠይቀኝ መጥቶ እጁን እንኳ ነፈገኝ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲብከነከኑ ከርመዋል። ደብዳቤውን ሦስት ምሽት ታግለውት ከመጀመሪያው መስመር አላለፉም፤ ስለራሷ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ልጅን አንብቢልኝ አይባልም። «ምግብ ቤቱን አንተ ምረጥ ያልኩህ በጎ መስሎህ ይሆናል። ፈሪነት ነው። ደረጃውን ፈራሁ ማለት አቅቶኝ፣ ደረጃ የሌለውን እንድትመርጥ እየጸለይኩ ነበር።»

ሚሊ ሊስቅ ነበር፤ የሰውዬው ፊት ግን አልሳቀም።

«መልሴ የዘገየውም አንተን ንቄ አይደለም። ካወቀች ትታኝ አትሄድም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለኔ ስትል የተወችው ይበቃል። ደብቄ ልድራት ፈለግሁ። ደብቄ መዳር ደግሞ አንተን ማታለል ሆነብኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ቁንጮዬ፣ ብርጭቆዬ የት ነው ያለው?»

ቁንጮ ቀና አለች። «ከቢላዋው በላይ። ሁሌ እንደሚሆነው።»

«እኔ ግን አላየውም» አሉ መሐንዲሱ። «ሁልጊዜ እዚያ ስለሆነ ነው የማገኘው።»

ቁንጮ ብርጭቆውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ሚሊን። በፊቷ ላይ ሁለት ዓመት አንድ በአንድ ሲያልፍ ይታይ ነበር፤ ሁሌ የሚበራው የቤታቸው ደረጃ መብራት፣ ሳይታይ የተገፋው ወንበር፣ ያልታየው ካፖርት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «የዓይን ጠብታ በምሸጥበት በር እያለፍክ?»

የሚሊ እናት ነች ቀድማ የሳቀችው። ቀጥሎ መሐንዲሱ። ቁንጮም ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ፣ ተነስታም የአባቷን ራስ ደረቷ ላይ አቀፈች። ሚሊ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን በሕክምና ሊጠበቅ እንደሚችል፣ ለሰኞ ጠዋትም በክሊኒኩ ቀጠሮ እንደያዘላቸው ነገራቸው። «በእርሳስ ነው ያስጻፍኩት። ካልፈለጉ ይሰረዛል።»

«በብዕር አስጽፈው» አሉ መሐንዲሱ።

ቁንጮ ከአባቷ ራስ ላይ አገጯን ሳታነሳ ተናገረች። «እንግዲህ እኔ የትም አልሄድም፣ አባዬ። ብሄድም ሁለት መንገድ ተሻግሬ ነው። አንተ ሳትጠይቀኝ ስለኔ ትወስናለህ፣ እሱ ሳይጠይቀኝ ይቆጣልኛል። ሁለታችሁም ሰለቻችሁኝ። እኔ የምፈልገው ሁለታችሁንም ነው፤ በዚሁ ጠረጴዛ፣ በዚሁ ሰዓት።»

መሐንዲሱ ፊታቸውን ወደ ሚሊ እናት አዞሩ፤ እስኪያገኟት ትንሽ ፈለጉ። «እመቤቴ፣ ልጄን ለልጅዎ ይውሰዱ አልልም፤ ዕቃ አይደለችም። ኑ ነው የምላችሁ። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ሰውም አንሶታል።»

«እኛም ጠበን ነው የኖርነው» አለች እናቱ። «ሰፊ ቤት ስትጠሩን እምቢ አንልም።»

በጠረጴዛው ልብስ ሥር የቁንጮ እጅ የሚሊን እጅ አገኘች። ሚሊ ስንት ደቂቃ እንደያዘችው አልቆጠረም።

ሲወጡ ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ነበረች፣ መንገዱም መደብዘዝ ጀምሯል። መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆሙና የጣሊያኑ ቤት አስተናጋጅ አሁንም እዚያ እንዳለ ጠየቁ። አለ ተባሉ። አንድ ቀን ሄደው ሚሊ እራት ላይ ስለነገራቸው ካፖርት ይቅርታ እንደሚጠይቁት፣ ሰባቱን ደረጃም ከሰው ጋር እንደሚቆጥሩት ተናገሩ።

ከዚያ ሳያዩ፣ ዓይናቸው ወደማይደርስበት ወደ ጎን፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘረጉ። ማን እንደሚይዛት አልጠየቁም። ሚሊ ፈጠነ፣ ቁንጮም ፈጠነች፤ እናቱ ግን ቀደመቻቸው፣ እሷም ከያዘች በኋላ የሁለቱ እጅ በላዩ ላይ ተደረበ። መሐንዲሱ የስንት ሰው እጅ እንደያዙ ሊቆጥሩ ሞከሩ፣ ጠፋባቸው፣ ተዉት። ዓይናቸውንም ጨፍነው፣ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ አወጡ።